አንዱን ስድስት

አባቴ ውባንተ መስታወት ይቆርጣል፣
ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ቁጭ ይላል።
ሰው ይመጣል፣ ፊቱን በሜትር ይገዛል፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ አቅፎ ይሄዳል።
ለእኔ የሚተርፈኝ ዳሩ ነው፣ ቅንጣቢው፣
ለማንም ፊት የማይበቃው፣
ጉንጭ ቢይዝ ዓይን የሚጎድለው።

ሦስቱን እኩል አስቆርጬ፣ ፊት ለፊት አፋጥጬ፣
በጥቁር ፕላስተር ጠምጥሜ፣ ቧንቧ ውስጥ አስቀምጬ፣
ካሌይዶስኮፕ አልኩት።
አባቴ ስሙን ሊጠራ ሞከረና ግማሹ ላይ ተወው፣
"የአንቺ ቱቦ" ብሎት አረፈው።

ጥዋት ጥዋት፣ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ሳትጠነክር፣
በዘንባባው ጥላ እወርዳለሁ፣ እስከ ወደቡ ዳር፤
የስልኬን ዓይን ከቱቦው ዓይን አጋጥሜ፣
ትንፋሼን ይዤ፣ ክርኔን ከአጥሩ ብረት አስደግፌ ቆሜ፣
ያገኘሁትን አነሳለሁ፦
ከጀልባ የተላጠ ቀለም፣ የማንጎ ቆዳ፣
የባጃጅ የኋላ መብራት ስባሪ፣ ቀይ እንደ ጽጌረዳ።
አንዲት ጣት ብታልፍ ስድስት ጣት ታልፋለች፤
ሞገድ ስትሰበር ኮከብ ሆና ትሰበራለች።

ማታ ደግሞ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ፣
ፎቶ በፎቶ ላይ አነባብራለሁ፣
ሰማያዊውን ገፍቼ፣ ቢጫውን አደብዝዤ፣
የሚታወቅ ነገር ካለ አፍዝዤ፤
ጀልባው ጀልባ ከመሰለ ይሰረዛል፣
ዛፉ ዛፍ ካለኝ ይጠመዘዛል።
መብራት ከጠፋ
ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣
በነጋታው ከ"ሀ" ይጀመራል።

ከሁሉ ያማረው አረንጓዴው ነበር፤
ወይን ጠጅ ዓይን ያለው፣ ስድስት ጊዜ የሚዞር፣
ሥሩ ከቅጠሉ ተጠላልፎ
እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተጣጥፎ።
ሁለት ሌሊት ደከምኩበት። በሦስተኛው ጥዋት
ታንኳውን ለፀሐይ ለሚያሰጣው ለጋሽ ይማም አሳየሁት።

እጁን በቁምጣው ጠርጎ ስልኬን ተቀበለኝ፣
አዘቀዘቀው፣ አራቀው፣ በአውራ ጣቱ ነካካልኝ፣
ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ፣ "እምቦጭ ነው" አለ።

እንዴት አወቀው? ቅጠሉን አጥፍቼዋለሁ፣
ግንዱን እኔው ራሴ ሰውሬዋለሁ።
"በእጄ የነቀልኩት ይጠፋኛል እንዴ?
ሦስት ክረምት ሙሉ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ፣
ሁለት መረብ ገብሬለት፣ ጥፍሬን አጥቼ!
እኛ አንዱን ነቅለን መጨረስ አቅቶን፣
አንቺ ልጅ፣ ስድስት አድርገሽ ተከልሽልን?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
"ግን ያምራል" ልል አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም።

"ይልቅ" አለኝ፣ ከታንኳው ሆድ ደንገሉን ገለጠና
አንዲት ቀረሶ አወጣ፣ በጅራቷ አንጠለጠላትና፣
"ይችን አስገቢልኝ፤ ይችን አብዢልኝ።
ቱቦሽ የሚያበዛው አረም ብቻ ነው እንዴ? እስኪ ንገሪኝ።"

ቱቦውን ወደ ቅርፊቷ አስጠጋሁ፤
ስድስት ሆነች። ከስድስቱ ጀርባ ሌላ ስድስት፣ ከዚያም ወዲያ
እስከ መስታወቱ ጥግ የተኮለኮለ የዓሣ ገበያ።
ጋሽ ይማም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
መቁጠር ጀመረ፣ በከንፈሩ፦
ይቺ ለመረቡ ዕዳ፣ ይቺ ለልጄ ደብተር፣
ይቺ ለእኛ እራት፣ ይቺ ለጎረቤት፣ ይቺ…
እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቱቦው ትንሽ ዞረ፣
ቁጥሩ ተበተነ፤ ከአንድ ጀመረ።

ሆቴል ያላት የውብዳር መጣች፣
አንዷን መዘነች፣ ተከራከረች፣ ከፈለች፣ ሄደች።

የዚያን ለት ማታ ሁለቱን ፎቶ ከፈትኩ፣
አረንጓዴውን ከታች፣ የቅርፊቷን ብር ከላይ አነጠፍኩ።
ዓይኗ ላይ ስደርስ ላጠፋው ነበር፣ ደንቤ ነው፣ የሚታወቅ ነገር አይቀርም።
ተውኩት።
ስድስት ዓይን፣ ከእምቦጩ መሐል፣
ያዩኛል፤ አንዱም አይጨፍንም።