በአውራ ጣት በኩል

ኩሺሮ ጉም ለብሳ ወደቧ ጠፍቷል፣
የጂምናዚየሙ ማሞቂያ ዛሬም ተበላሽቷል።
አስራ ዘጠኝ ሴቶች፣ በባዶ እግራችን፣
ፍራሹ ቀዝቅዞን እየታጠፈ ጣታችን፣
ለአንዲት ክሬዲት ብለን፣
ያለሷ ዲግሪ የለም ስለተባልን፣
ቆመናል በሰልፍ፣
ግማሻችን ገና በእንቅልፍ።

መምህርት ኦኖዴራ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቷ፣
ትከሻዬን አያልፍ ቁመቷ፣
ገባች፣ እጅ ነሳች፣ ስም እንኳ ሳትጠራ፣
«መውደቅ ነው» አለችን «የዚህ ወር ሥራ።»

መውደቅ?
እኔ ታማኪ፣ በስታቲስቲክስ ሁለቴ የወደቅሁ፣
መንጃ ፈቃድ ልወስድ ሄጄ ደግሞ የወደቅሁ፣
ለዚህም አስተማሪ እንዳለው መች አወቅሁ!

«አገጭ ወደ ደረት። ዓይን ወደ መቀነት።
ጀርባሽን አክብቢው፣ አትሁኚ እንጨት።
መሬቱ ሳይመታሽ ቅደሚና ምቺው፣
በሙሉ መዳፍሽ፣ ጧ አድርጊና ተዪው።»

ጧ!
ጧ! ጧ!
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የበረዶ ጠጠር።
ሂናኮ ብቻ ቀረች፣
ስልሳ ኪሎ ብረት ከራሷ በላይ የምታቆም ልጅ፣
ለመውደቅ ፈርታ ትፈልጋለች የሚይዛት እጅ።

አራተኛው ሳምንት ጩኸት ነበር ትምህርቱ።
«ልቀቅ! በሉ» አለች፤ ተያየን በእፍረቱ።
ከአፋችን የወጣው እንዲህ ይመስል ነበር፦
«እባክዎ ይልቀቁኝ፣ የማያስቸግር ከሆነ ነገር።»
ከዚያ ሺኦሪ፣ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ፣
ዓይኗን ጨፈነችና
«ልቀቅ!»
መስኮቱ ነዘረ።
ኮሪደር የሚጠርገው ሰውዬ ሮጦ መጥቶ በሩ ላይ ቀረ፣
መጥረጊያውን እንደ ጦር ይዞ፣
ፊቱ በላብ ወዝቶ።
እሷም እንደኛው ደንግጣ ዞር ዞር ብላ አየች፣
የጮኸችውን ሴት የምትፈልግ መሰለች።

ታኅሣሥ ላይ ፌርማታው ጋ በረዶ አዳለጠኝ፣
አላሰብኩም፤ መዳፌ ቀደመኝ።
ከያዝኩት አስር እንቁላል ሁለቱ ተሰበረ፣
ከእኔ ግን ምንም አልተሰበረ።
ለመምህርቷ ብነግራት መዝገቧን ገልጣ ጻፈች፣
«እዚህ ክፍል የሚያልፍ የወደቀ ነው» አለች።

የመጨረሻው ሳምንት የእጅ አንጓ።
«ሰው እጅሽን ቢይዝ አትግጠሚ ጉልበቱን፣
አራቱ ጣት ግድግዳ ነው፤ ፈልጊ በሩን።
በሩ አንድ ነው፣ በአውራ ጣት በኩል ነው፣
የያዘሽ ጋራ ቢያክል መውጫሽ በዚያው ነው።»
ሂናኮ ያዘችኝ። ጠመዘዝኩ። ወጣሁ።
ያዘችኝ። ወጣሁ።
አውቶቡስ ውስጥ የራሴን እጅ በራሴ እጅ ይዤ
ስወጣ ስገባ አመሸሁ።

ቅዳሜ አባቴ ጋ ሄድኩ። መረብ ይጠግናል፣
ሬዲዮው የማዕበል ወሬ ያወራል።
«ያዘኝ» አልኩት፣ «አጥብቀህ፤ ላሳይህ የተማርኩትን።»
እንቢ አለ። አጉተመተመ። ቆይቶ
ዘረጋ ቀኝ እጁን።
ያዘኝ። የገመድ ሽታ፣ የጨው ሻካራ።
«እየው» አልኩ «በሩን»፣ ጀመርኩ ፍለጋ፤
በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ኖሯል፣
የመርከቡ ዊንች አውራ ጣቱን ከወሰደው
ሃያ ዓመት ሞልቷል።

ረስቼው። እኔ! በዚህ እጅ ጫማዬ ታስሮ፣
በዚህ እጅ ፀጉሬ ተበጥሮ፣
አንድ ጣት ጎድሎ ማየቴን ዓይኔ ትቶት።

መውጣት ትችያለሽ አለኝ ክፍቱ ቦታ።
መጠምዘዝ የለ፣ መሳብ የለ፣ ዝም ብሎ መውጣት ነው።
ቆምኩ።
ሬዲዮው ማዕበሉን ጨርሶ ወደ ዋጋ ዞረ፣
የሸርጣን ዋጋ፣ የስኩዊድ ዋጋ።

«ለዚህ ነው የምከፍለው?» አለ አባቴ።
ዝም አልኩ።
እሱም ዝም አለ፤ ወደ እጃችን አየ፤
«ልቀቂ እንግዲህ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«መረቡ ይጠብቀኛል።»