በረዶ ላይ የቆመ ቃል

ጀልባው ሁሉ ታስሮ በሐኮዳቴ ወደብ፣
ኢሶጂ፣ መረብ ጠጋኙ፣ ጀመረ ማንበብ፤
የሩስያ አጫጭር ታሪክ፣ ሽፋኑ የጠፋ፣
ሲገልጡት ሻጋታው፣ ሽታው የሚከፋ።

ያላወቀውን ቃል በደረሰኝ ጀርባ
ጽፎ እየለጠፈ ክረምቱን ጨረሰ፤
ግድግዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ለበሰ።

አንዷን ቃል ግን መዝገበ ቃላቱ ዘለላት።
ወደ ታሪኩ ዞሮ መልሶ አነበባት፦
ፖስተኛው በሌሊት ሜዳውን ሲያቋርጥ
ረገጣት፤ ቻለችው።
ፈረሱ ረገጣት፤
ሰመጠ።
«አሃ!» አለ ኢሶጂ፤ መርፌውን አስቀመጠ።

ቀን ፀሐይ የላሳት፣ ሌት ውርጭ ያጠበቃት፣
ላይዋ መስተዋት፣ ውስጧ ዱቄት፤
(እኔም በአማርኛ ስም አላገኘሁላት።)

መጋቢት ላይ መጣ የሩስያ መርከብ።
ኢሶጂ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ተጠግቶ፣
«ክቡርነትዎ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ?» ቢል እጅ ነስቶ፣
መርከበኛው ግሌብ በሳቅ ፍርስ አለ፤
«አባቴ፣ ይሄ ቃል ከንጉሡ ጋራ ተቀብሮ የለ!»

ሽማግሌው አላፈረም።
ጣቱን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሰው ወዳልረገጠው ነጭ ዘርግቶ
ያቺን ቃል ጠራት።

ግሌብ ሳቁን ዋጠ።
ሄደ። አንድ እግሩን አነሣ፣
ቀስ ብሎ ረገጣት፤
ቻለችው።