ከወለሉ በታች

ሰው ሁሉ የሚያውቃት ከአንገቷ በላይ ነው፤
እኔ ግን ኤርሚኒያን በእግሯ ነው የማውቀው።

ትሪየስቴ ነው አገሩ፣ ከወደቡ ጥግ ቲያትር፤
ሣጥኔ ተቆፍራ በመድረኩ ግንባር፣
አንድ ሻማ፣ አንድ ደብተር፣ ጉልበት የሚበላ ብርድ፤
ከአንገቴ በላይ መብራት፣ ከአንገቴ በታች ጉድጓድ።
ሥራዬ ማስታወስ ነው፦ ዘፋኙ ቃል ሲያጣ
ከሥር ሹክ እላለሁ፣ ቃሉ ባፉ እንዲወጣ።
ጭብጨባው ለእሱ ነው፣ ለእኔ የጫማው ትቢያ፤
ቅር ብሎኝም አያውቅ፣ እስክትመጣ ኤርሚኒያ።

የማሩሲግ ልጅ ናት፣ የገመድ ሠሪው።
ገመድ የሚገምድ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል፤
አንድ እርምጃ ሲያፈገፍግ ገመዱ አንድ ክንድ ይረዝማል።
አባቷ ቃጫውን ሲያከር ሲገምድ ሲውል
እሷ ጫፉን ይዛ፣ ጣቷ በክሩ ውል፣
ሽማግሌው ርቆ እስኪያክል አንዲት ጉንዳን
በአንድ ትንፋሽ ታዜም ነበር፣ ሳትሰርቅ እንኳን።
እንዲህ ነው የተማረችው። ሌላው መምህር ሁሉ
ገንዘብ ተቀበለ እንጂ አልጨመረም ይላሉ።

የመጀመሪያዋ ማታ፣ በተዋሰችው ጫማ
የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ሲንኮሻኮሽ ልሰማ
እችል ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ ነኝ።
ከዚያ አፏን ከፈተች።
አቧራው ከጣሪያዬ ራሴ ላይ ረገፈ፣
የሻማዬ ነበልባል አጎንብሶ ተረፈ።
ወንበር ላይ ያለው በጆሮው፣ እኔ በሳንቃው፣ በጥርሴ።
ከዚያ ወዲህ ሁለት መንጋጋ ተነቀለልኝ፤
ከእሷ ምን ያህሉ አብሮ እንደ ሄደ ማን ይንገረኝ?

ግራዝ፣ ኦዴሳ፣ ሊዝበን። ሻንጣዋን የሆቴል ወረቀት
እንደ ቁስል ልጣፍ ሸፈነው። ጫማዋም የራሷ ሆነ።
ቦራ የሚሉት ነፋስ ኮፍያ መንጠቅ ሲጀምር
ትመለሳለች፤ አሥር ዓመት። አንድም ቀን
ወደ ሣጥኔ አላየችም።
ቃል አይጠፋትማ!
ሌላው በዓይኑ ሲለምነኝ፣ እሷ እንደ ሩቅ ሰማይ፤
ከእኔ የምትሻው የሌላት፣ ወደ ታች የማታይ።

አንድ ጊዜ፣ በሆቴል ክፍል፣ ግድግዳው ብርድ ልብስ ለብሶ፣
ጀርመኖች መለከታቸውን ደቅነው ሰም ላይ ቀረጿት።
ድምጿ ከፍ ሲል ሰሙን እንዳይቀደው
አንዱ በመቀነቷ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር።
ለልብስ ሰፊዋ ስትነግራት ሰማሁ፤ እየሳቀች፦
«ልክ እንደ አባቴ» አለች።

ከዚያ ጦርነት። ጋሊሲያ የሚሉት ጭቃ
ጁስቶን፣ ወንድሟን ዋጠ። ቴሌግራሙን በዕረፍቱ መሐል
ማን እንደ ሰጣት አላውቅም። ወጣች። ዘፈነች።
እዚያች ቃል ዘንድ ደረሰች። ቆመች።
ዓይኗ ወደ እኔ ወረደ።
ሹክ አልኳት፦ ተመለስ።
የቫዮሊኑ ቀስት አየር ላይ፣ የመሪው በትር አየር ላይ።
ተመለስ፣ አልኩ፣ ጠንከር አድርጌ።
ፊተኛው ወንበር እስኪሰማ፦ ተመለስ!
ራሷን ነቀነቀች፤ በዝግታ፣
ልጅ እንደሚያባብል ሰው።
ለካ ቃሉ አልጠፋትም፤ ቃሉን ነው ሰው የጠፋው።
ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣
ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ኋላ፣ እስከ መጋረጃ።

ወሬው ብዙ ነው፦ «ጉሮሮዋ ተበጠሰ»፣ «ልቧን ነካት»።
እኔን የጠየቀኝ የለም። አስታዋሽን ማን ይጠይቃል?
ዛሬ ገመድ ቤቱ ውስጥ ደረሰኝ ትጽፋለች።
«ስንት ክንድ?» ትላለች፤ ድምጿ የማንም ድምፅ ነው።
አንድ ቀን አሥር ክንድ ገዛሁ፣ የማስረው ነገር ሳይኖረኝ።
አላወቀችኝም። ደግሞስ በምን ታውቀኝ?
ሸክላው እኔ ዘንድ አለ፤
ሰሙ እዚህ ይዞራል፣ ወርቁ እዚያ ገመድ ይለካል።

ሸክላ ነውና ተሰነጠቀ። መርፌው እዚያች ስንጥቅ ሲደርስ
ያዝ ያደርገዋል፦ መስኮቱን፣ መስኮቱን፣ መስኮቱን…
የቀረው «ክፈቱት» ነው።
ልማድ ሆኖብኝ፣ በመለከቱ አፍ ሥር ተንበርክኬ
ሹክ እላለሁ፦ ክፈቱት።
ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል።
እሷ ግን እንደ ድሮዋ፣
ሳትሰማኝ፣
በራሷ ጊዜ ታልፋለች።