የዘገየ አቤት

ብርኖ ላይ ይዘንባል። ትራሙ ሲያቃስት
መስኮቱ ይርዳል። ከምሽቱ አራት ሰዓት።
ድራሆሚራ ብቻዋን፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ሆዱ በተከፈተ ኦርጋን ላይ ተጣብቃ።
ንፋስም ቧንቧም የለው፤ ሰሌዳና ሽቦ፣
በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ቁራሽ ድምፅ ሰብስቦ
የሚያስተጋባ ደብር፣ በአንድ ሣጥን ተከቦ።
ያምርም ነበር፤
ያ «ቀጭ» ባይኖር።

መጀመሪያ የሰማው ፒያኖ ቃኚው ኦታካር፤
ዓይኑ አያይም፣ ጆሮው ግን አቧራ ሲያርፍ የሚቆጥር።
ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ ካፖርቱ ውኃ ሲያንጠባጥብ፣
ቆሞ አዳመጠ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ፦ ጠብ።
ቆይቶም፦ ጠብ።
«የምስር ሾርባ ነው» አለ፣ «ባለሙያ የሠራችው፤
ግን ጥርሴ ላይ ጠጠር አለ፣ ለቃሚዋ የሳተችው።»

እሷ አልሰማችም ነበር። አሁን ግን ሌላ አትሰማም፦
ቧንቧውም ቀጭ፣ ሰዓቱም ቀጭ፣ ትራሷም፣ እንቅልፏም።

ዘጠነኛ ቀኗ።
ኮዱ መሐል አንድ መስመር ጻፈች፣ «ሲመጣ ንገረኝ» ብላ፤
ያን ጊዜ ጠፋ። ኦርጋኑ ዘመረ፣ ንጹሕ፣ ያለ እንከን፣ ያለ መላ።
መስመሯን ሰረዘች፦ ተመለሰ።
መስመሯን መለሰች፦ ተሰወረ።
ፋኖስ እያየ የሚሸሽ ሌባ ሰምታለች እንጂ አላየችም፤
ስታየው አይሰርቅም፣ ሲሰርቅ አታየውም።
መጻፉ ራሱ ያዘገያል፤ ያች የቅንጣት መዘግየት
ነበረች ስንጥቁን የለሰነች፣ የሸሸገች ስሕተት።

የዘጠኝ ቀን ልፋት፣ ቋት የማይገፋ።
ፕሮግራሙን ዘጋች። እርሳስ ፈለገች። ወረቀት ዘረጋች፤
ጠሪና ተጠሪውን እንደ ሁለት ሰው ሣለች፦

ካርዱ ይጣራል፦ «ቋቱ ሊራቆት ነው፣ ድረስ!»
ድራይቨሩ ያለውን ጥሎ ይሮጣል ሳይተነፍስ፤
አጎንብሶ ይሞላል፣ ይሞላል፣ ጠርዙ ድረስ ይሞላል፤
ሁሉን ከጨረሰ ኋላ፣ ቀና ብሎ «አቤት!» ይላል።

ከጨረሰ ኋላ።

እዚህ ላይ እርሳሷ ቆመ።
እሱ ባጎነበሰበት ካርዱ ዳግም ቢጣራስ?
የዘገየው «አቤት» ሁለቱንም ጥሪ አብሮ ቢያብስ?
ካርዱ፣ ሰምቶኛል ብሎ፣ ይጠብቃል፤
ድራይቨሩ፣ የጠራኝ የለም ብሎ፣ ይተኛል፤
በሁለት ቅን ዝምታዎች መካከል
ቋቱ ባዶውን ይቀራል፦
ቀጭ።

(ሐሙስ ዕለት እህቷ ኔላ ከኦስትራቫ ደውላ ነበር።
«ቆይ፣ ይህችን ልጨርስ» ብላ፣ ስልኩን ገልብጣ፣ ቀጠለች።
ማታ መልሳ ደወለች፤ ስለ ጣሪያው ውኃ አወሩ፣ ሣቁ፣ ዘጉ።
ሁለት ጊዜ መደወሏን አሁን ነው ያየችው።
የሁለተኛው ጉዳይ ምን ነበር?)

አንዷን መስመር ከግርጌ አንስታ ከራስጌ አኖረች።
«አቤት» ይቅደም፣ ሥራው ይከተል። ይኸው ነው የጠገነች።
አንድ ፊደል አልጨመረችም።
ኦርጋኑን ለቃው ተኛች፣ ወለሉ ላይ፣ ካፖርቷን ለብሳ፤
ሌሊቱን ሙሉ ሲዘምር አደረ፣ አንዴም ጥርስ ሳይነካ።

ጠዋት ኦታካር መጣ። ጣቱን አነሣ፣ ከጠረጴዛው ስንዝር ከፍ አድርጎ፤
ጣቱ አየር ላይ ቆየ። ዜማው አለቀ። ጣቱ አልወረደም።
ምስጋና ጠበቀች።
«እንግዲህ» አለ፣ ጢሙን እያሻሸ፣ «አሁን ጠጠሩ ከጠፋ፣
ያቺ የላይኛዋ ድምፅ ፀጉር ታህል ዝቅ ብላለች።»

ሣቀች። ስልኳን አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።
ኔላ ዘንድ ጠራ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ከኋላዋ ሽማግሌው «ድራሆሚራ!» ሲል ተጣራ።
በእነሱ አገር «እባክዎን» የሚሉባት ቃል
ለአቤትም ታገለግላለች፤
ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፦
«ፕሮሲም!» አለች።