አርባ ካልሲ

በኮምቦልቻ ሌሊት፣ ሙቀት እንቅልፍ ነስቶ፣
ያ ቴርሞዳይናሚክስ ደረቴ ላይ ተኝቶ፣
ሦስት ምዕራፍ ቀርቶኝ፣ ሰዓቱ ስምንት አልፎ፣
ብወጣ፣ ሙሂዬ ኮሪደር ላይ ባልዲውን አቅፎ

ካልሲ ያጥባል። የሱን ጨርሶ የኔንም፣
የማላውቀውን ልጅ፣ የሦስተኛ ፎቁንም።

«ምን ነካህ?» ብለው፣ ቀና ሳይል ከሳሙና፣
«ሲጨንቀኝ እጨምቃለሁ፤ ያዝ አንሶላውን በዚያ በኩል፣ ና።»

እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጠመዘዝን፤
ውሃው እግራችን ላይ ሲወርድ፣
ሁለት የነገ መሐንዲሶች በሳቅ ፈረስን።

ያልገባኝ አልገባኝም። ምዕራፍ ሰባት ያው ምዕራፍ ሰባት ነው።
ግን ከሐረጎ ቁልቁል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፣ ደሴ የላከው፤
ገመዱ ላይ አርባ ካልሲ ሲወዛወዝ እየቆጠርኩ ተኛሁ።

ጠዋት ለፈተና
በእርጥብ ካልሲ ገባሁ።