ሁለት ጉልቻ

የሆቴሉ ጀልባ በሐራጅ ሲሸጥ፣
ሞተሩን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሲመርጥ፣
ለእኔ የተረፈኝ መንታ ቀፎ ነው፤
ፀሐይ ያነጣው፣ ድንጋይ የበሳው።
በአይሱዙ ጭኜ ሽምብጥ አደረስኩት፣
ከአትጠገብ ጎመን መደብ ላይ ጣልኩት።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ጀልባ ነው» ብላት፣
«ጀልባ ውሃ ላይ ነው፤ ይሄ የዶሮ ቤት!»
እውነትም በማግሥቱ ዶሮዋ ገባችበት።
ከግራው ቀፎ ውስጥ እንቁላል ለቀምን፣
ከቀኙ የተርብ ጎጆ በጭስ አስወጣን።

ቀን የሰው በር እበይዳለሁ፣
ማታ በባትሪ የራሴን እፍቃለሁ።
ሙጫውን ባሕር ዳር ፈልጌ አጣሁ፤
በአውቶቡስ ረዳት ከሸገር አስመጣሁ።
አንዱ ጣሳ ሳልቀባው ደረቀ፣
ሌላው ሦስት ጣቴን አንድ ላይ አጣበቀ።
አትጠገብ በቢላ ስታላቅቀኝ፦
«ሁለት ጉልቻ ላይ ማን ድስት ጥዶ ያውቃል?
አንተ ሰውዬ፣ አንድ ይጎድልሃል።»

እውነቷን ነው። ቀፎዎቹ ጠባብ ናቸው፤
እግር አላቸው እንጂ፣ ሆድ ነው የጎደላቸው።
ከደንበኛ በር በተረፈ ላሜራ
መሐለኛውን ሆድ ጀመርኩ ልሠራ።
አረንጓዴ ቀለሙን አልፋቅኩትም፤
የቁልፉን ቀዳዳ ግን አልረሳሁትም፣
ደፈንኩት።

ሦስቱን በብረት ላጋጥም ስል
ታንኳ ሠሪው እንድሪስ መጣ፤ በደንገል
የሻከረ መዳፉን አሳየኝ።
«ብረት ከማዕበል ጋር ይከራከራል» አለኝ፣
«ይከራከርና ይሰበራል።
ገመድ ግን እሺ ይላል፣ መልሶ ይይዛል።»
ሃያ ዓመት የበየድኩ ሰውዬ
አፈርኩ፤ ብየዳዬን ጥዬ
ባሕር ዛፍ አጋደምኩ፣ ካላማዳሪያ ቀደድኩ፣
እሱ ሲቋጥር እያየሁ ቋጠርኩ።
«ደንገሉስ?» ስለው ቃል አልመለሰ፣
በአገጩ እምቦጩን አሳየኝ፣ ጢሙን ዳሰሰ።

የወረደች ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣
ነፋሱ ሳይነሣ፣ ውሃው እንደ ረጋ፣
የሰፈር ልጆች «ባለ ክራንች» አሏት።
ዘንበል አለች፣ አሰበች፣ ቀና አለች።
አትጠገብ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤
ድስት ይዛ ነበር፣
ለምን እንደሆን አልጠየቅኳትም።

ከደብረ ማርያም ፊት ለፊት ስንደርስ
በቁልፉ ቀዳዳ ጣና ገባ፣ ቀስ፣ ቀስ።
ድስቱን አነሣች፣ ቀዳች፣ ደፋች፣
«ይኸው ተጣደ» አለች፤
አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።
ከኬሻ የሰፋሁት ሸራ አንዴ ተነፋ፣ አንዴ ተኛ፤
አንዴ ዝም፣ አንዴ ወሬ፣ እንደሱው ነበርን እኛ።

ቤት ስንመለስ ዶሮዋ ጎመኑ መሐል
ቆማለች። ቤቷን ማን እንደወሰደው
ትጠይቃለች፤
እኔም ጎንበስ ብዬ እጄን እታጠባለሁ።