የተከራየሁት ብርድ

ከቆቃ እርሻ ስለቅ፣ ጓንቴን ያስረከብኩ ዕለት፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቡጥ ስቆርጥ ወገቤን ከጣልኩበት፣
የችግኝ ቤቱ ሹም፣ ገለታ የሚሉት፣ ቃል የማይወጣው፣
በደመወዝ ወረቀት ጠቅልሎ የሆነ ነገር መዳፌ ላይ ጣለው።

አስራ አንድ ፍሬ።
ጥቁር፣ ወዛም፣ ካዝሙድ ገዘፍ ያለ፤
«ሄሌቦር ነው ስሙ፤ ብርድ ካልነካው አይነቃም» አለ።
«ብርድ? እዚህ? አዳማ?» ሳቄ አመለጠኝ፤
እሱ ግን አልሳቀም። «ፈልጊለት» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሚያዝያ ላይ ዘራሁት፣ በወተት ቆርቆሮ፣ ታቹን በምስማር በስቼ፣
አፈሩን ከአሸዋ፣ ከበሰበሰ ቅጠል፣ በወንፊት ነፍቼ።
ሙቀቱ አለፈበት፣ ክረምቱ አለፈበት፣ ቆርቆሮው ጭጭ አለ፤
ልጄ ሲፈን ጣቷን ሰዳ ፈለገችው፤ «እማ፣ ምንም የለ!»

መስከረም ሲጠባ፣ አገሩ ቢጫ ሲለብስ በየሜዳው፣
እኔን ያማረኝ ብርድ ነው።
ብርድ ደግሞ በሰፈራችን ያለው
ነስረዲን ሱቅ ነው፣ በዚያ በሚያጓራው ማቀዝቀዣው።

«ምንድን ነው?»
«ዘር ነው።»
«ይበላል?»
«አይበላም፤ መርዝ ነው።»
«መርዝ! ከለስላሳዬ ጎን!» ብሎ ጺሙን አሸ፤
ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ልቡ ትንሽ ሸሸ፤
ከዚያ ዋጋ ቆረጠ፦
በወር ሃምሳ ብር፣ ለታችኛው ጥግ።
ቤት የተከራየ ስንቱ አለ በከተማው፤
እኔ ብርድ ተከራየሁ።

መብራት የሄደ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል የለኝ።
ከኮረብታው ራስ ነጫጮቹ የነፋስ ወፍጮዎች
ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤
የኛ ሰፈር ግን ጨለማ ነው፤ አምፖሎቹ ይተኛሉ።
ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ሮጬ፣ የሱቁን መዝጊያ አንኳኩቼ፣
«እባክህ አትክፈተው! ይወጣል!» እለዋለሁ፣ ለብርዱ ሳስቼ።
የባጃጁ ልጅ ስም አወጣልኝ፤ «የበረዶ እናት» ሆኜ ቀረሁ።
ይሁን፤ እርሻው ላይ ቁጥር ነበርኩ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ገና በጠዋቱ በሬ ተንኳኳ፤
ነስረዲን ነው፤ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዟል፣ እንደሞላ ብርጭቆ፣ ምንም እንዳይነካ፤
«ሴትዮ፣ መርዝሽ በቀለ።»

አራት ናቸው። ከክር የቀጠኑ፣ አንገታቸው የተቀለሰ።

አበባ ግን ገና ነው። አበባ ሩቅ ነው።
አንዱን የጎረቤት ዶሮ ጫረችው፤
ሁለቱን የመጋቢት ወላፈን ቀቀላቸው።
ለቀረችው አጎበሬን ቆርጬ ጥላ ሰፋሁላት፤
የሚያንጠባጥብ እንስራ ከጎኗ አቆምኩላት፤
እኔና ሲፈን በትንኝ ተበላን፣ እሷ ባጎበር ውስጥ አደረች፤
ሦስት ዓመት ቅጠል አወጣች፣ ሦስት ዓመት ዝም አለች።

በአራተኛው ጥር
ውሃ ላጠጣ ሳጎነብስ፣
አንዲት ነገር፣ ያልበሰለ ሎሚ መሳይ፣ ዳርዋ ወይን ጠጅ የነካው፣
ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ።

ተንበረከክሁ።
ጉልበቴ ያውቀዋል ይህን፤ ወገቤም ያውቀዋል።
ያኔ ግን በመቀስ ነበር።
ስንቱን ሳይከፈት ቆርጬ፣ በሳጥን አሽጌ ሰድጃለሁ፤
አንድም የፈካ ፊት ሳላይ ነው ከዚያ በር የወጣሁ።
ሲፈን የስልኳን መብራት ከሥሯ አበራችላት፤
አየናት።

ነስረዲን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኛ፣
መኪና ሥር እንደገባ መካኒክ፤
ብዙ ቆየ።
«ለዚህች ነው?» አለ በመጨረሻ፤
ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ፣ ካርቶኑን አጠፈ።
በሩ ጋ ደርሶ ዞረ፦
«ዘር ከያዘች ንገሪኝ፤ የላይኛው መደርደሪያም ባዶ ነው።
ኪራዩ ግን ጨምሯል።»